ነብርና ዝንጕርጕርነቱ፤ በግማሽ ስለ ተወሰደ የነቢይ ቃል

ባለፈው የጾም ወራት የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ሲሰበሰብ እኔም ከሽማግሎቹ ጋራ ተቀምጬ ነበር። ለጉባኤው የቀረበው ነገር ትንሽ ይመስል ነበር። ከዚህ ቀደም በዚያው ደብር ዘበኛ የነበረ አንድ ሰው ከሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ ሰርቆ ተያዘ፤ ተፈረደበት፤ 3 ዓመትም በወኅኒ ቤት ቈይቶ ተመለሰ። የለመነው የቀድሞ ሥራውን አይደለም። «ቍልፍ አልጠይቅም፤ ዐፀዱን ልጥረግ፥ ውሃ ልቅዳ፤ ልጆቼ አባታቸው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲሠራ ይዩት» አለ።

ከጉባኤው መካከል በውጭ አገር የተማረ፥ በጠባዩም የተመሰገነ አንድ ጐልማሳ ተነሣና ወደ እኔ ዞሮ «የኔታ፤ እንግሊዞች አንድ አባባል አላቸው» ብሎ በቋንቋቸው «ኤ ሌፐርድ ካንት ቼንጅ ኢትስ ስፖትስ» አለ። ሲተረጕምልንም «ነብር ዝንጕርጕርነቱን ሊለውጥ አይችልም ማለት ነው» አለን። በአጠገቡ የነበሩ አንድ አዛውንት ቃሉን ከአፉ ተቀብለው «ይህማ የእኛው ነው፤ ኢትዮጵያዊ መልኩን፥ ነብር ዝንጕርጕርነቱን አይለውጥም» አሉና ሳቁ። ጉባኤውም ሳቀ። ነገሩ በዚያው ተቈረጠ። ሰውዬው ደጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና «አልሆነም» ተብሎ ተነገረው።

እኔ ዝም አልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምን ከወርቅ ስለይ የኖርሁ ሰው፥ በፊቴ አንድ ነፍስ በግማሽ ቃል ሲፈረድበት ዝም አልሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የዚያን ቀን ዕዳዬን ልከፍል ነው። በጽሑፌ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድመን የእንግሊዙን አባባል ምንነት እንመርምር። እንግሊዞች ይህን የሚናገሩት ስለ እንስሳው አይደለም። ክፉ ጠባይ የታየበት ሰው በኋላ «ተጸጽቻለሁ፥ ተለውጫለሁ» ሲል፥ ሌሎች እርሱን ላለማመን የሚያነሡት ቃል ነው። ሚስቱን የከዳ ባል፥ ገንዘብ ያጠፋ ሹም፥ ቃሉን ያጠፈ ፖለቲከኛ በተነሣ ጊዜ ይህ ይጠቀሳል። ለበጎ ጠባይ እምብዛም አይነገርም። ብዙ ጊዜም ሙሉውን አይጨርሱትም፤ ስለ ነብሩና ስለ ነጠብጣቡ ጥቂት ብለው ይተዉታል፤ የቀረውን ሰሚው ይሞላዋል። ቃሉ አጭር ነው፤ ሥዕሉ በዐይን ይታያል፤ ክርክርም ያቋርጣል። የተወደደውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ክርክርን የሚያቋርጥ ቃል ሁሉ እውነት አይደለም።

የዚህ አባባል ምንጭ የተሰወረ አይደለም። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 13 ቍጥር 23 ይገኛል። ነቢዩ የኢየሩሳሌምን ሰዎች፥ ኢትዮጵያዊ የቈዳውን መልክ፥ ነብርም ዝንጕርጕርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይቻለው እንደ ሆነ ይጠይቃቸዋል፤ ይህ የሚቻል ከሆነ ክፋትን የለመዱት እነርሱም በጎ ማድረግ ይቻላቸዋል ይላቸዋል። ዕብራይስጡ «ኩሺ» ይላል፤ ይኸውም ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው የኩሽ ምድር ሰው ነው። የጽርዕ ተርጓሚዎች «ኢትዮጵያዊ» አሉት፤ ከጽርዕ የተቀዳው የግእዙ መጽሐፋችንም ይህንኑ ስም ያዘ።

ወደ እንግሊዝኛም የገባው በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል ነው። በ1560 በጄኔቭ የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያዊውን «ብላክ ሙር» ይለዋል፤ በንጉሥ ጄምስ ዘመን በ1611 የታተመው ግን «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ጻፈው። በመካከል በ1597 በታተመው በሼክስፒር «ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ» ተውኔት ውስጥ ክብሩ የተነካበት መኰንን ከንጉሡ ጋራ ሲከራከር የነብሩን ነጠብጣብ ያነሣል፤ ኢትዮጵያዊውን ግን አያነሣም። እንግዲያስ ነብሩ ከጓደኛው ተለይቶ ብቻውን መሄድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ዛሬም በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አፍ የቀረው ነብሩ ብቻ ነው።

የነቢዩን ቃልና ይህን አባባል ጐን ለጐን ብናቆማቸው ከአባባሉ አራት ነገር ጐድሎ እናገኛለን።

አንደኛ፤ የነቢዩ ቃል ጥያቄ ነው፤ አባባሉ ግን ፍርድ ሆኗል። ጥያቄ ሰሚውን ወደ ኅሊናው ይመልሰዋል፤ ፍርድ ግን ወደ ደጅ ያወጣዋል። በዚያ ጉባኤ የሆነው ይኸው ነው። አንድም ሰው «ይህ ሰው በ3 ዓመት ውስጥ ምን ሆነ? ምን አሰበ? ምን ተማረ?» ብሎ አልጠየቀም። ነብሩ ከተጠራ በኋላ ጥያቄ አላስፈለገም።

ሁለተኛ፤ ነቢዩ የሚናገረው ፊት ለፊት «እናንተ» እያለ ነው። እየሰሙት ያሉትን፥ ሊመልሱለት የሚችሉትን ይወቅሳል። አባባሉ ግን «እርሱ» ይላል። በሰዋስው ቤት «ቅርብ» የምንለው ሄዶ «ሩቅ» ሆነ። ተናጋሪው ራሱን ከነብሩ ወገን አይቈጥርም፤ ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያይ ነው። ተግሣጽ የነበረው ቃል ሐሜት ሆነ።

ሦስተኛ፤ ነቢዩ ያቀረበው ሁለት ምሳሌ ነው። ሁለቱ አብረው ሳሉ ነገሩ ስለ ቈዳ እንደ ሆነ ሰሚው ያውቃል። የኢትዮጵያዊው መልክ ኀጢአት አይደለም፤ የነብሩም ዝንጕርጕርነት በደል አይደለም፤ ሁለቱም ከልደት የተገኙ፥ ነቀፌታ የሌለባቸው ነገሮች ናቸው። ኢትዮጵያዊው ወድቆ ነብሩ ብቻ በቀረ ጊዜ ግን ሰሚው ቈዳውን ረስቶ ጥርሱንና ጥፍሩን ያስባል። ምሳሌው ከመልክ ወደ አውሬነት ዞረ፤ ሰውም ወደ አውሬ ተቈጠረ።

አራተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ይኸውም የቃሉ ኋለኛ እኩሌታ መቈረጡ ነው። ነቢዩ «ክፉ ሆናችሁ የተወለዳችሁ» አላላቸውም፤ ክፋትን የለመዱ አላቸው እንጂ። በዕብራይስጥ የተናገረበት ቃል «ላማድ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ይኸውም «ተማረ» ማለት ነው፤ «ታልሚድ» ማለት ተማሪ፥ «ታልሙድ» ማለት ትምህርት ከዚሁ ግስ ይወጣሉ። የእኛም «ለመደ» የዚህ ግስ ወንድም ነው። ልማድ፥ ልምምድ፥ ልምድ የምንለው ሁሉ ከዚህ ይወጣል። ስለዚህ ነቢዩ የሚወቅሳቸው እንደ ተማሪ አድርጎ ነው፤ ክፋትን ፊደል እንደሚቈጠር ቈጥረዋታል፥ ዳዊት እንደሚደገም ደግመዋታል፥ እስኪያውቋትም ድረስ አጥንተዋታል። የነብር ግልገል ግን ዝንጕርጕርነቱን የተማረበት ትምህርት ቤት የለውም፤ ከእናቱ ማሕፀን ከነነጠብጣቡ ይወጣል። ዛሬ እንስሳትን የሚመረምሩ ሊቃውንት የአንዱ ነብር ነጠብጣብ ከሌላው ስለሚለይ እያንዳንዱን ነብር በዚያ ያውቁታል። ያልተማረውን ሊረሳው አይችልም። ሰው ግን የተማረውን ሊተወው ይችላል።

በቅኔ ቤት ያደጉ ወዳጆቼ በዚህ ላይ አንድ ኅብር ያዩልኛል። ልማድና ለምድ በድምፅ የተቀራረቡ ናቸው። በነብር ላይ ያለው ዝንጕርጕር ቈዳው ነው፤ በድሮ ጦረኛ ትከሻ ላይ የነበረው የነብር ለምድ ግን ልብሱ ነው፤ ይለብሰዋል፥ ያወልቀዋልም። ክፋት በሰው ላይ እንደ ለምዱ ነው እንጂ እንደ ቈዳው አይደለም። ሌት ተቀን ሳያወልቀው የኖረ ሰው ለምዱ ከሥጋው የተጣበቀ ይመስለዋል፤ ሲያወልቁትም ያመዋል። ነቢዩ የፈራው ይህን መጣበቅ ነው።

አሁን አንድ ብርቱ ተከራካሪ ይነሣብኛል። «የኔታ፤ ነቢዩ ሲጠይቅ መልሱ ‹አይቻልም› እንደ ሆነ ግልጽ አይደለምን? ኢትዮጵያዊ መልኩን አይለውጥም፤ እንግዲያስ እነዚያም ሰዎች በጎ ማድረግ አይችሉም ማለቱ ነው» ይለኛል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ሳልመልስለት ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። በእርግጥም ነቢዩ ለስላሳ ነገር አልተናገረም። የቈየ ልማድ እንደ ተፈጥሮ ይከብዳል ብሏል፤ ሰው በራሱ ኀይል ብቻ ከዚያ እንደማይወጣም ቃሉ ያስረዳል። ነገር ግን ቃሉን ከቦታው ነቅለን አንተርጕም፤ ዙሪያውንም እንይ።

ያው ምዕራፍ 13 የሚጀምረው በመታጠቂያ ምሳሌ ነው። ነቢዩ የተልባ እግር መታጠቂያ ገዝቶ ከታጠቀው በኋላ በኤፍራጥስ አጠገብ በድንጋይ ስንጣቂ ውስጥ ሸሸገው፤ ከብዙ ቀንም በኋላ ቢያወጣው ተበላሽቶ አገኘው። መታጠቂያው ሲሠራ ብልሹ አልነበረም፤ በቈየበት ቦታ ተበላሸ እንጂ። እንግዲህ የምዕራፉ መግቢያ ስለ መለወጥ ይናገራል። ቀጥሎም ነቢዩ ሕዝቡን «ስሙ» ይላል፤ ሳይጨልም ለፈጣሪያቸው ክብር እንዲሰጡ ይለምናቸዋል። ምዕራፉን የሚዘጋውም ኢየሩሳሌም እስከ መቼ ሳትነጻ እንደምትኖር በመጠየቅ ነው። እስኪ አንባቢ ይፍረድ፤ ነብርን ዝንጕርጕርነትህን ጣል ብሎ የሚለምን ማን ነው? ነብርን መቼ ትነጻለህ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ተስፋ የተቈረጠበትን ሰው ማንም አይለምነውም። ነቢዩ 40 ዓመት ያህል ሲጮኽ የኖረው ሊመለሱ ይችላሉ ብሎ ስላመነ ነው። በምዕራፍ 18 ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ወርዶ ያየውም ይህን ያጸናል፤ በሸክላ ሠሪው እጅ የተበላሸው ጭቃ አልተጣለም፤ እንደ ገና ሌላ ዕቃ ሆኖ ተሠራ። ከክፋቱ የተመለሰ ሕዝብም የታሰበበት ጥፋት እንደሚቀርለት እዚያው ተጽፏል።

ይህ አባባል በሰው ሕይወት ላይ ምን እንዳደረሰ ደግሞ እናንሣ። በጥንት ዘመን በኤዞፕ ስም ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ፥ አንድ ሰው ኢትዮጵያዊ ባሪያ ገዝቶ፥ ጥቍረቱ የቀድሞው ጌታው ስላላጠበው የመጣ እድፍ መስሎት፥ እስኪታመም ድረስ እንዳጠበው ይናገራል። ከዚያም «ኢትዮጵያዊን ማጠብ» ማለት ከንቱ ድካም ማለት ሆኖ በሮማይስጥ ተነገረ፤ ሊቁ ኤራስመስ በምሳሌዎች መጽሐፉ አስገባው፤ እንግሊዞችም ተቀበሉት። በዚህ ተረት ሞኙ አጣቢው መሆኑን አስተውሉ። ነገር ግን ተረቱ በተነገረ ቍጥር የሞኙ ነገር እየተረሳ፥ የታጠበው ሰው መልክ እንደ እድፍ እየተቈጠረ ሄደ።

በ1902 ደግሞ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት ወጡ። አንዱ ኪፕሊንግ የሚባለው የእንግሊዝ ደራሲ ለልጆች የጻፋቸውን ተረቶች የያዘ ነው፤ በዚያ ውስጥ ነብርና ኢትዮጵያዊ ጓደኞች ሆነው፥ ዐደን ስላልተገኘላቸው ኢትዮጵያዊው መልኩን ይለውጣል፤ ነብሩንም በጣቶቹ ጫፍ እየነካካ ያዥጐረጕረዋል። ሁለተኛው ግን የልጆች ጨዋታ አይደለም። ቶማስ ዲክሰን የሚባል አሜሪካዊ ርእሱን ከዚሁ ቃል ወስዶ «የነብሩ ነጠብጣቦች» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። ይህ ሰው የባፕቲስት ሰባኪ የነበረ ነው። መጽሐፉ ከባርነት ነጻ የወጡት ጥቍሮች ከነጮች ጋራ እኩል ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም፤ ቢማሩም ቢሠሩም አይለወጡም የሚል ነው። በ1905 ያወጣው ሌላው መጽሐፉ በ1915 «የአንድ ሕዝብ ልደት» ለተባለው ሲኒማ መሠረት ሆነ፤ ያም ሲኒማ ጭምብል ለብሰው ጥቍሮችን ያሸብሩ የነበሩትን የኩ ክሉክስ ክላን ሰዎች ጀግና አድርጎ አሳየ፤ በዚያው ዓመትም ማኅበሩ እንደ ገና ተቋቋመ።

እነሆ፤ ነቢዩ በኢየሩሳሌም ባለሥልጣኖችና ባለጠጎች ላይ የወረወረው ቃል ተገልብጦ በድኾችና በተገፉ ላይ ተወረወረ። ነቢዩ መልክን ለምሳሌ አመጣው፥ ክፋትን ወቀሰ፤ እነዚህ ግን ክፋትን ረስተው መልክን ወቀሱ። ሰሙን ወርቅ አድርገው ተረጐሙት፤ ወርቁንም ጣሉት።

ሌላውን ስወቅስ የራሳችንን ብሸሽግ ፍርዴ ግማሽ ይሆናል። እኛም ይህን ቃል አላዳንነውም። ስማችን ተጠርቶ ስላገኘነው ደስ ብሎን በየአደባባዩ እንደ ፉከራ እንናገረዋለን፤ «ኢትዮጵያዊ መልኩን፥ ነብር ዝንጕርጕርነቱን አይለውጥም» እያልን እንኰራበታለን። አገርን መውደድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነቢዩ በዚያ ቦታ አላመሰገነንም፥ አልነቀፈንምም። እኛም ጥያቄውን ፍርድ አድርገነዋል፤ እኛም የኋለኛውን እኩሌታ ቈርጠናል። ከዚህም የሚብሰው፥ ስንፍናችንን፥ ቂማችንን፥ በቀጠሮ አለመገኘታችንን የነቀፈን ሰው ሲመጣ ያን ጊዜም ይህንኑ ቃል እንደ ጋሻ ማንሣታችን ነው። መልካችን የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ስንፍናችን ግን የራሳችን ትምህርት ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተት ስጦታውን ማዋረድ ነው።

የገዛ ምሳሌያችን እንኳ ከዚህ ይሻላል። አባቶቻችን «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አሉ እንጂ «ጦጣ ሆና የተፈጠረች» አላሉም። ከአህያ ጋራ ስለ ዋለችው ጊደር የሚነገረውንም ሁሉም ያውቀዋል፤ ተምራ መጣች ይላል እንጂ ተፈጥራ መጣች አይልም። በነዚህ ምሳሌዎች ክፋት ከውሎና ከልማድ ይመጣል። ውሎዋን የለወጠች ጊደር ሌላ ትምህርት ልትማር እንደምትችል ምሳሌው በሩን ክፍት ትቶላታል። እንግዲህ ያ ጐልማሳ ወዳጄ የባሕር ማዶውን አባባል ትቶ የአያቱን ምሳሌ ቢያነሣ ኖሮ ወደ ነቢዩ አሳብ የበለጠ በቀረበ ነበር።

የማቀርባቸው ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ኢትዮጵያዊ ተብለው የተጠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ከራሱ ከኤርምያስ መጽሐፍ ነው። በምዕራፍ 38 እንደ ተጻፈ፥ የይሁዳ መኳንንት ነቢዩን ጭቃ ወዳለበት ጕድጓድ በገመድ አወረዱት፤ እርሱም በጭቃው ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ስለ ነቢዩ ወደ ንጉሡ ገብቶ የተናገረ የንጉሡ ቤት ጃንደረባ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። 30 ሰዎች ይዞ ሄደ፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይቈርጠው አሮጌ ጨርቅ አውርዶለት ከብብቱ በታች እንዲያደርገው ነገረው፤ እንዲህም ሆኖ አወጣው። ክፋትን የለመዱት የገዛ ወገኖቹ ቀበሩት፤ በመልኩ ምሳሌ የሆነለት ኢትዮጵያዊ አወጣው። ቈዳው ያው ነበር፤ ሥራው ግን በጎ ነበር። ነቢዩ ከጕድጓዱ ቀና ብሎ ያን ፊት ባየ ጊዜ የቀድሞ ጥያቄው ትዝ ብሎት ይሆንን?

ሁለተኛው በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 ያለው የህንደኬ ጃንደረባ ነው። በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ እንጂ ዐዋቂ ነኝ አላለም። በዚያው ቀን ተምሮ፥ በዚያው መንገድ ተጠምቆ፥ ደስ እያለው ወደ አገሩ ሄደ። ከውሃው ሲወጣ መልኩ ሲገባ የነበረው ነው፤ የተለወጠው ሌላ ነው።

ሦስተኛው ሙሴ ጸሊም ነው፤ በስንክሳራችን ሰኔ 24 ቀን የሚታሰበው። በ4ኛው ምእተ ዓመት በግብፅ አገር የወንበዴዎች አለቃ ነበር። ያ ሰው በአስቄጥስ ገዳም መነኰሰ፤ ብዙ ታግሎ፥ ብዙ ወድቆ ተነሥቶ፥ በኋላ ቅስና ተቀበለ። አንድ ጊዜ በጥፋት ላይ በተገኘ መነኵሴ ሊፈርዱ ወንድሞች ተሰብስበው ሙሴን አስጠሩት። እርሱም የሚያፈስ ማድጋ ውሃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። «ይህ ምንድን ነው?» ቢሉት፥ ኀጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በወንድሙ ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። ሰምተውም ያን መነኵሴ ይቅር አሉት። ከእኛ ጉባኤ መካከል እንዲህ ያለ ማድጋ ይዞ የመጣ አንድ ሰው ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር! እኔ ራሴ ባዶ እጄን ነበርሁ።

ምናልባት «የኔታ የምእመናንን ገንዘብ ለሌባ አሳልፈው ሊሰጡ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ቍልፉን ዛሬ ስጡት አላልሁም፤ እርሱም አልጠየቀም። ሙሴ ጸሊምም ገዳም በገባ ማግሥት ቄስ አልሆነም። ሁለት ነገር ለይቶ መናገር ይገባል። «ይህ ሰው ከዚህ ቀደም እንዲህ አድርጓል፤ ስለዚህ ጥቂት እንጠብቀው፥ በትንሹም እንሞክረው» የሚል ሰው ምስክርነቱን እየሰጠ ነው፤ ይህ ጥንቃቄ ነው፥ ነውርም የለበትም። «ነብር ነው፤ አይለወጥም» የሚል ሰው ግን ያለፈውን አልመሰከረም፤ ገና ያልመጣውን ዘግቷል። የመጀመሪያው ስለ ሥራ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ተፈጥሮ። በሥራ ላይ መፍረድ ለዳኛ ተሰጥቷል፤ ዳኛውም ፈርዶ 3 ዓመቱ አልቋል። በተፈጥሮ ላይ መፍረድ ግን ለማን ተሰጠ?

ደግሞም ይህን አባባል የሚያዘወትር ሰው ሳያውቀው የሚያደርሰውን ጕዳት ያስብ። ሰው ዕድሜ ልኩን «ነብር ነህ» ከተባለ፥ ሌላ የሚሠራው ሲያጣ ወደ ነብርነቱ ይሄዳል። ያን ጊዜ እኛ «አላልንምን?» ብለን እንመካለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ምሳሌው እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ እኛ በሩን ዘግተን እውነት አደረግነው እንጂ። የነቢዩን ቃል ተገልግለን ሰውን ወደ ክፋት ልማዱ ብንመልስ፥ ከዚያ ወዲያ ክፋትን የሚያስተምሩት እነማን ሆኑ?

እንግሊዝኛ መማር መልካም ነው፤ የሌላውን ሕዝብ ምሳሌ ማወቅም ዕውቀት ይጨምራል። የማዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ልጆቻችን የገዛ መጽሐፋቸውን ቃል በባዕድ አፍ ተቈርጦ ሲመጣላቸው እንደ አዲስ ጥበብ ተቀብለው፥ ሙሉው በቤታቸው መኖሩን ሳያውቁ መቅረታቸው ነው። ቃል እንደ ገንዘብ ነው፤ እጅ ሲበዛበት ጠርዙ ይበላል። የተበላ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ሚዛን ላይ እንደሚያወጣው፥ የተበላ ቃል የሰማም ወደ ምንጩ መልሶ ይመዝነው። ከእንግዲህ አንድ ሰው በፊታችሁ ስለ ነብሩ ቢነግራችሁ፥ «የቀረውን ጨርስልኝ» በሉት። ክፋትን ስለ ለመዱት ሰዎች የተባለውን ካላወቀው ንገሩት፤ ካወቀው ደግሞ ከነዚያ ሰዎች መካከል እርሱም እናንተም እንዳላችሁበት አብራችሁ አስቡ።

ያ ጐልማሳ ወዳጄ ይህን ሲያነብ እንዳይቀየመኝ እለምነዋለሁ፤ እርሱ የሰማውን ተናገረ፤ እኔ ግን የማውቀውን ሸሸግሁ፤ ስለዚህ ከእርሱ ይልቅ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገሩ በሚመጣው ጉባኤ እንደ ገና እንዲታይ ለአለቃው አመልክቻለሁ። ሰውዬው ዛሬም በጠዋት መጥቶ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ሲሳለም አየሁት። የጠየቀን መጥረጊያ ነው።